የዝምተኛው ሣጥን ቀብር

በአንድ አገር ጉልበት የሚለካው በጩኸት ነበር።

የአገሩ ሕግ አጭር ነው፦ የጮኸ አለ፤ ዝም ያለ የለም። ሁለት ሰዎች በድንበር ቢካሰሱ ዳኛው ምስክር አይጠራም፤ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የተሰማው ይረታል። በሬ ሲገዛ ጥርሱ አይታይም፤ «ያገሳል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሙሽራ ከአማቱ ደጅ ቆሞ ሦስት ጊዜ ካልደነፋ ልጅቷ አትሰጠውም። ድምፁ የቆመ ነገር ደግሞ፣ ሰውም ይሁን ከብት፣ ወፍጮም ይሁን ደወል፣ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ በወግ ይለቀስለታል፣ በወግ ይቀበራል። አንዲት አሮጊት ጉሮሮዋን አሟት ሦስት ቀን ዝም ብትል ገንዘው አወጧት፤ ቃሬዛው ላይ ስላስነጠሰች ብቻ ተረፈች ይባላል።

በዚያ አገር ጓሣ ሜዳ የምትባል መንደር ነበረች። በመንደሯ ይርዳው የሚባል ገበሬ ይኖራል። ይርዳው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሲያርስ በሬዎቹን አይጣራም፤ የጅራፉን ጥላ ሲያዩ ይዞራሉ። በዚህ የተነሣ በየዓመቱ በዝምታ ይከሰሳል፤ ገበያ መሃል ቆሞ የገዛ ስሙን ሠላሳ ጊዜ እንዲጮህ ይፈረድበታል። የሚቆመው እሱ ነው፤ የምትጮህለት ግን ሚስቱ ዘርትሁን ናት።

«ይርዳው! ይርዳው! ይርዳው!» ትላለች ነጠላዋን አደግድጋ። ሠላሳውን ስትጨርስ ወደ እሱ ትዞርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከወለደችህ እናትህ ይልቅ እኔ ስምህን ጠራሁት» ትለዋለች።

እሱ ፈገግ ይላል። መልሱ ያ ነው።

የጓሣ ሜዳ ሰው ግን ከዚህ የከበደ ጭንቅ ነበረበት። ጉድጓዱ ከድቶታል። ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲሸሽ ቆይቶ ከሦስት ዓመት በፊት ከጉድጓዱ ወለል ላይ ባለ አንድ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ስንጥቁ ጠባብ ነው፤ እንስራ ቀርቶ ትንሽ ቅል አያሳልፍም። ጠጠር ሲጥሉበት ሲቆይ ቆይቶ «ጡብ» ይላል። ውኃው አለ፤ ይሰማል፤ አይደረስበትም። ሴቶቹ ግማሽ ቀን ተጉዘው ከከብት ጋር ተጋፍተው ይቀዳሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ «የገብሱ አጨዳ እስኪያልቅ እንጠብቅ፤ ያኔም ውኃ ካልተገኘ ቤታችንን አፍርሰን እንሂድ» ብለው ተማማሉ። የይርዳው አባትና ሁለት ልጆቹ ያረፉት እዚያች መንደር ነው። በስብሰባው ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲበተኑ ግን ሄዶ የመቃብሮቹን አጥር እንደ አዲስ ሲያጥር ዋለ።

ከመንደሩ በላይ አንድ አምባ አለ። እዚያ ላይ የንጉሡ ጦር ሰፍሯል፤ ከገደሉ ማዶ ካለው ከሌላው ንጉሥ ጦር ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ተፋጥጧል። የጦሩ ጉልበት አጓሪው የሚባል የብረት አውሬ ነው። አጓሪው የኑግ ዘይት ይጠጣል፤ ጭስ ይተፋል፤ ሌትና ቀን ያጓራል። የድንኳኖቹን መብራት የሚያበራው፣ የአዛዦቹን ቃል ከአምባ አምባ የሚያደርሰው እሱ ነው። ማዶ ያለው ጠላት ማነጣጠር አያስፈልገውም፤ ጆሮውን አቅንቶ ወደሚያጓራበት ይተኩሳል። አጓሪው በተመታ ቁጥር ሹማምንቱ፣ «ተፈርተናል!» ብለው ግብር ያበላሉ። የተመታውን ወደ ጓሣ ሜዳ አውርደው ይቀብሩታል፤ አዲስ ያመጣሉ። ስድስት አጓሪዎች በዚያ ሜዳ ተቀብረዋል።

ዘይቱን የሚያቀርበው ገበሬው ነው። የጓሣ ሜዳ ሰው ኑግ ይዘራል፣ ኑግ ይወቃል፤ ወጡ ግን ዘይት ካየ ቆይቷል።

የአጓሪው ሹም ሊቀ ጩኸት ደፈርሻ ይባላል። ሊቀ ጩኸት ሲሄድ ከፊቱ አንድ አዋጅ ነጋሪ ይሄዳል፤ ጌታው ያለውን ሁሉ አጉልቶ ይደግማል። ከኋላው ደግሞ ዐውድማ የሚያህል ጃንጥላ የያዘ አሽከር ይከተላል። ሊቀ ጩኸት አስነጥሶ እንደሆነ ነጋሪው፣ «አስነጠሱ!» ይላል።

ከዕለታት ባንዱ ከባሕር ማዶ ለንጉሡ አንድ ሣጥን በስጦታ መጣ። ወደ አምባው መውጣት አለበት ተባለ። ዕቃው ተሰባሪ ስለሆነ የማትበረግግ በቅሎ ተፈለገች፤ ጭምት የምትባለው የይርዳው በቅሎ ተገኘች። ሣጥኑን የምትጠብቅ ትርንጎ የምትባል ወታደር አብራ መጣች። ሁለት ዓመት ባሕር ዳርቻ ተቀምጣ የሣጥኑን ጠባይ ተምራለች። ጭነቱ ሣጥኑ ራሱ፣ ስድስት የተጣጠፉ ጥቁር ምንጣፎች፣ እንዲሁም ረጅም ቱቦ ያለው፣ ቅል የሚመስል ትንሽ ብረት ነው።

ዳገቱን ሲጀምሩ ትርንጎ፣ «አያ ይርዳው፣ ምን እንደ ጫኑ ያውቃሉ?» አለችው።

«ብረት።»

«ፀሐይ ነው እኮ!»

ይርዳው ጭምትን አየ። ጆሮዋን እያወዛወዘች በደህና ትወጣለች።

«ፀሐይ ከሆነ ቀላል ነው» አለ።

አምባው ላይ ሲደርሱ ትርንጎ ምንጣፎቹን ዘረጋች። እንደ ጥንዚዛ ክንፍ ጥቁር ናቸው፤ ያብለጨልጫሉ። የመንገዱን አቧራ በነጠላዋ ጠረገች፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አቀናች፤ ገመዳቸውን ከሣጥኑ ጋር አገናኘች። ከሣጥኑ ግንባር ላይ አተር የምታህል አረንጓዴ ዓይን ተከፈተች። ቀጥሎ በትልቁ ድንኳን ጨለማ ውስጥ መብራት በራ። ጭስ የለም። ሽታ የለም። ድምፅ የለም። ቅል መሳዩን ብረት ከጦሩ የውኃ ጋን ውስጥ ብትከተው ውኃው በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ ከበርሜል ውስጥ ተንዶለዶለ።

ይርዳው ባርኔጣውን አወለቀ። ቀርቦ፣ የምትወልድ በግ ሆድ እንደሚዳስስ፣ መዳፉን ሣጥኑ ላይ አኖረ። ለብ ያለ ነው። ጆሮውን አስጠጋ፤ ምንም አይሰማም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። ዘር አፈር ውስጥ ሲሰነጠቅ ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ዓለሙ ሁሉ የሚበላው ግን ከዚያ ነው። እጁን ሳያነሣ ብዙ ቆመ።

ሊቀ ጩኸት በጃንጥላው ሥር ሆኖ መጣ።

«የታል ድምፁ?» አለ።

«የታል ድምፁ!» አለ ነጋሪው።

«ድምፅ የለውም ጌታዬ» አለች ትርንጎ። «ቀን ቀን ፀሐይ ይጠጣል፤ ከዚያ ሲፈለግ ይሰጣል። አጓሪው የሚያስፈልገው ደመና በዋለ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ሣጥኑ ከአጓሪው ትንሽ ይጠባል። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። አጓሪው በወር ሦስት ቀን ቢያጓራ ይበቃል። ከዐሥር እንስራ ዘይት ዘጠኙ ለገበሬው ይቀራል። ማዶ ያለው ጠላትም የት እንዳለን አያውቅም።»

ሊቀ ጩኸት ፊቱ ተለዋወጠ።

«የት እንዳለን ካላወቀ እንዴት ይፈራናል?»

«እንዴት ይፈራናል!» አለ ነጋሪው።

ወዲያው አዳማጩ ተጠራ። አዳማጭ ማለት ቀንድ ከጆሮው ላይ ደግኖ ይኖራል ወይም ሞቷል ብሎ የሚፈርድ ባለሥልጣን ነው። ቀንዱን በሣጥኑ ላይ ሦስት ጊዜ አስጠግቶ አዳመጠና ተነሣ።

«ትንፋሽ የለውም። መንገድ ላይ ሞቷል።»

«መብራቱስ?» አለች ትርንጎ ድንኳኑን እያሳየች። «ይኸው በርቶ የለም እንዴ?»

«አንዳንድ ሬሳ ፊቱ ይበራል» አለ አዳማጩ።

ተፈረደ። ሣጥኑ ወደ ጓሣ ሜዳ ወርዶ እንዲቀበር ታዘዘ። የቀብር ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ የሟች ዕቃ ሁሉ ከሟች ጋር ይቀበራል፤ መግነዙ ከመቃብሩ በላይ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ጠባቂው አርባ ቀን ከመቃብሩ አይለይም፤ ተሸካሚው የኀዘኑ አለቃ ይሆናል። በአርባኛው ቀን ሊቀ ጩኸት ራሱ ወርዶ ኀዘኑን ይዘጋል።

ሣጥኑን እንደገና ሲጭኑ ወታደሮቹ ከበቧቸው።

«አያ ዝምታ፣ ዘመድህ ሞተብህ አሉ፤ ያጥናህ!»

«በቅሎህን ጠብቃት! ዝም ካለች እሷንም ይቀብሯታል።»

ይርዳው ልጓሙን ሳበ። መልሱን የሰጠቻቸው ጭምት ናት፤ ከኋላዋ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ትርንጎ ታለቅሳለች። «በቁሙ ሊቀብሩት! ዓይኑ ተከፍቶ እያየ!» ትላለች። ይርዳው እስከ መንደሩ አፋፍ በቅሎዋን እየሳበ ወረደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ፣ ያ ቅል መሳይ ብረት ስንት ክንድ ይወርዳል?»

«የቱቦውን ያህል። መቶ ክንድ።»

«ውፍረቱስ?»

ትርንጎ ጭብጧን አሳየችው። ይርዳው ጭብጧን በጣቶቹ ዙሪያውን ለካው።

«እንግዲያስ መቃብር አለን» አለ።

ቀብሩ በደረቁ ጉድጓድ ላይ ሆነ። ለአዛዦቹ የተላከው መልእክት፣ «ጥልቅ መቃብር ተገኝቶለታል» የሚል ነበር፤ ውሸት የለበትም። ቅል መሳዩን ብረት በቱቦው አንጠልጥለው ወደ ጉድጓዱ አወረዱት። ይርዳው ራሱ በገመድ ወርዶ በስንጥቁ አሾለከው። ልክ ነው፤ ተጨናንቆ አለፈ። ሣጥኑን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ በድንጋይ ጎጆ ውስጥ አስቀመጡት። ምንጣፎቹን በላዩ ላይ መግነዝ አድርገው፣ ትርንጎ እንዳለችው ወደ ፀሐይ መንገድ ዘንበል አድርገው ዘረጓቸው። አምባው ላይ ያሉት እንዲሰሙ ሴቶቹ በወጉ አለቀሱ።

ከዚያ ትርንጎ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነካች። አረንጓዴዋ ዓይን ተከፈተች።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ቱቦው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎም አየር አቃሰተ። ከዚያ ቡናማ ጭቃ ተፋ፤ አፍታ ቆይቶ ጠራ። ውኃው ከመቶ ክንድ ጥልቀት፣ ከአለት ውስጥ፣ ማንም ሳይስበው ሽቅብ መጥቶ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይወርድ ጀመር። ሦስት ዓመት ያላዩት ውኃ ነው። እኩዮቻቸውን ሁሉ የቀበሩ ሽማግሌዎች በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አንዱ እጁን ከውኃው ውስጥ ከትቶ፣ «ይበርዳል… ይበርዳል» ብቻ ይላል።

ዘርትሁን ምላሷን አዘጋጅታ አፏን ስትከፍት ይርዳው ክንዷን ያዘ።

«እልል እንዳትዪ።»

ከተሰማ ሟቹ መኖሩ ይታወቃል። ሴቶቹ ገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ቆሙ። በዚያ አገር ሰው ሳይጮህ ሲደሰት ይህ የመጀመሪያው ነው። የደስታቸው ድምፅ የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስትወጣ ውኃው ይመጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይቆማል፤ ከዚያ ጥልቀት መሳብ ሣጥኑ የጠጣውን ፀሐይ ወዲያው ስለሚጨርስበት የሚያተርፈው የለም። ይርዳው ማለዳ ማለዳ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ምንጣፎቹን ይወለውላል። መንገደኛ ከጠየቀው፣ «የሟችን ፊት አጥባለሁ» ይላል። ውኃው ገንዳው ላይ ሲወርድ ድምፁ እስከ አምባው መንገድ ስለሚሰማ ሴቶቹ ተራ ገብተው ያለቅሱበታል። ውኃው ሲበረታ ለቅሶው ይበረታል፤ ደመና አልፎ ውኃው ሲቀጥን ለቅሶውም ይቀጥናል። በሠላሳኛው ቀን ከገንዳው በታች የጎመን ችግኝ በቀለ። የገብሱ አጨዳ እየተጋመሰ ነው፤ ቤቱን ሊያፈርስ ገመዱን የፈታ ሰው ግን የለም።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ሊቀ ጩኸት ነጋሪውን፣ ጃንጥላ ያዡንና አካፋ የያዙ ስምንት ወታደሮች አስከትሎ ወረደ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ውኃው በኃይል ይወርዳል። ሴቶቹ በገንዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ የሚችሉትን ያህል ጮኹ። ዘርትሁን መሃል ገብታ ሙሾውን አወረደችው፦

«አያችሁት ወይ የኔን ጉድ ተጋድሞ፣
ሳይናገር ኖሮ፣ ሳይናገር ከርሞ።»

ሊቀ ጩኸት እንባው መጣ። «እንዴት ያለ ለቅሶ ነው! ለስድስቱ አጓሪዎች እንኳ እንዲህ አልተለቀሰም» አለ።

«አልተለቀሰም!» አለ ነጋሪው።

ዘርትሁን ምስጋናው አሞቃትና ጨመረች፦

«እንዲህ ያለ ሬሳ ከቶ የት ይገኛል፣
በቁሙ ሳናውቀው ሞቶ ያጠጣናል።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች።

«ያጠጣናል?» አለ ሊቀ ጩኸት።

«እንባ ነዋ ጌታዬ! እንባ ያጠጣናል!» አለች ዘርትሁን፤ ደረቷን ደጋግማ መታች።

አለፈ። ሊቀ ጩኸት የመዝጊያውን ንግግር ሊያደርግ ከምንጣፎቹ ራስጌ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ። ጃንጥላ ያዡ ተከተለውና ዐውድማ የሚያህለውን ጃንጥላ ከጌታው በላይ ዘረጋ። ጥላው ስድስቱንም ምንጣፍ ሸፈነ።

ውኃው ቀጠነ። ተንጠባጠበ። ቆመ።

ሴቶቹ አርባ ቀን ሙሉ በውኃው ልክ ሲያለቅሱ ኖረው ለምደዋል። ውኃው ሲቆም፣ ሳያስቡት፣ እነሱም ዝም አሉ። ሜዳው ላይ ጸጥታ ወደቀ። ሊቀ ጩኸት አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

«አንድ ነገር ዝም አለ» አለ። «አሁን እዚህ ሲናገር የነበረ ነገር ሞተ። ምንድን ነው?»



«ቆፍሩ! ይህን መግነዝ ግለጡና ቆፍሩ!»

«ቆፍሩ!» አለ ነጋሪው።

ስምንቱ አካፋ ተነሣ። የፊተኛው ወታደር አካፋውን በምንጣፉ ላይ ሰነዘረ። ያ ምንጣፍ ከተቀደደ ውኃው የለም፤ ውኃው ከሌለ መንደሩ የለም፤ መቃብሮቹ ካጥራቸው ጋር ለጅብ ይቀራሉ።

ይርዳው ጮኸ።

«ጥላህን አንሣ!»

በዕድሜው ያልጮኸው ጩኸት ሁሉ ተጠራቅሞ የወጣ ይመስላል። አምባው ተቀብሎ መለሰው፤ ገደሉ ተቀበለ፤ ማዶ ያለው ተራራ ደገመው። አንሣ… አንሣ… አንሣ። አምባው ላይ ያሉ ፈረሶች ማሰሪያቸውን በጠሱ። ማዶ ያለው ጦር አዲስ አውሬ መጣ ብሎ ወደ ዋሻ ገባ። ወታደሮቹ አካፋቸውን ጣሉ። ነጋሪው ሊደግመው አፉን ከፈተና እንደማይችል አውቆ ዘጋው። ጃንጥላ ያዡ ደንግጦ ለቀቀውና ጃንጥላው ተጣጥፎ መሬት ወደቀ።

ሕጉ ሕግ ነው። በዚያ አገር አብዝቶ የጮኸ ያዛል። ሊቀ ጩኸት ከድንጋዩ ወረደ።

ፀሐይ በምንጣፎቹ ላይ ተመልሳ ፈሰሰች። ቱቦው ተንቀጠቀጠ። ውኃው መጣ። ለቅሶ አልሸፈነውም፤ ሁሉም ቆሞ ያየዋል። ሊቀ ጩኸትም አየ፤ ማየቱንም ሁሉም አየ።

ቀስ ብሎ ወደ ገንዳው ቀረበ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጨለፈና ጠጣ። የአምባው ውኃ ጭስና ዘይት ጭስና ዘይት ይላል፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠጣው ያንን ነው። ደግሞ ጨለፈ። ከዚያ በድንጋይ ጎጆው ውስጥ አረንጓዴዋን ዓይን አያት፤ አየችው። መዳፉን ዘርግቶ ሣጥኑ ላይ አኖረ።

«ሞቃት ነው» አለ። ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣም።

ነጋሪው ተጠጋ። «ጌታዬ፣ አልሰማሁም፤ ምን ልበል?»

«ምንም አትበል።»

ወደ ይርዳው ዞረ። እንደ ሹክሹክታ አድርጎ፣ «ስንት ሰው ያጠጣል?» ሲል ጠየቀው።

«የመጣውን» አለ ይርዳው።

ሊቀ ጩኸት ጃንጥላውን ከመሬት ራሱ አነሣ፤ አጥፎ በብብቱ ያዘው። በጠራራ ፀሐይ ራሱን ገልጦ፣ አዋጅ ሳይነገርለት፣ በእግሩ ዳገቱን ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከአምባው ትእዛዝ ወረደ። የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ለዝምተኛው ሣጥን የተለቀሰው አልበቃም። ኀዘኑ ሰባት ዓመት ይቀጥል። በመቃብሩ ላይ ጥላ የጣለ ይቀጣል።»

አጓሪው ዛሬም አምባው ላይ ያጓራል፤ ማዶ ያለውም ይተኩስበታል፤ ዘይቱም ከገበሬው ይወጣል። ሰባተኛው አጓሪ ከስድስቱ ጎን ተቀብሯል። የገብሱ አጨዳ ግን አልቆ ሌላ ገብስ ተዘራ፤ ከጓሣ ሜዳ የፈረሰ ቤት የለም። ይርዳው ማለዳ ማለዳ የሟቹን ፊት ያጥባል። ከዚያ ጩኸቱ በኋላ ሌላ ሲጮህ የሰማው የለም። በዓመቱ በዝምታ ሲከሰስ ዳኛው ስሙን ሲሰማ መዝገቡን ዘግቶ ተነሣ ይላሉ።

በዚያ አገር የሚያልፍ መንገደኛ፣ ከአምባው ጩኸት የሰማ እንደሆነ መንገዱን ይቀይር። ከሜዳው ለቅሶ የሰማ እንደሆነ ግን ቅሉን ይዞ ይጠጋ።